ለሱልታና የበራው ሻማ

ጊትልን በስሟ ሲጠሯት መጀመሪያ በሩን ታያለች፤ «አቤት» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ በገባች በሳምንቷ አስተዋልኳት። ከአገሯ ከወጣች ገና ነው፣ ሰው የመጣ እየመሰላት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ኢየሩሳሌም፣ ናህላኦት ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስተላልፍ መንገድ ላይ ያለውን ይህን ቤት የምጠብቀው እኔ ነኝ። ለአንድ ዓመት ሊማሩ ከየአገሩ የሚመጡ ሴቶች ልጆች ያድሩበታል። ቁልፉም፣ አንሶላውም፣ የሰንበት ምግብ ማሞቂያውም በእኔ እጅ ነው። «አክስት አዝመራ» ይሉኛል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርታቸውን ከማእድ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። መምህራቸው ሲያስረዳ ያልገባኝ፣ እነሱ ሽንኩርት እየከተፉ ሲጨቃጨቁበት ይገባኛል።

የዚያን ዓመት ላይኛው ፎቅ ላይ ሦስት ነበሩ። ጊትል ከአርጀንቲና ከሮዛሪዮ፣ ላቲፌ ከሜክሲኮ፣ ሬይና ከኢዝሚር። የላቲፌ አያቶች ከዐረቡ አገር ከሐለብ ወደ ሜክሲኮ የተሻገሩ ናቸው። የጊትል አያት ከፖላንድ ወደ አርጀንቲና የሄደ ነው፤ የዚያ ወገን አይሁድ አሽከናዝ ይባላሉ። የሬይና ሰዎች ከስፔን ከተባረሩ ጀምሮ ከኢዝሚር አልተነቃነቁም፤ ያንን የጥንት ስፓኒሽ እስከ ዛሬ ስለሚናገሩት ሦስቱ በእሱ ይግባባሉ። ጸሎታቸው አንድ ነው፤ ልማዳቸው ግን አይገናኝም። በፋሲካ አንዷ ሩዝ ትበላለች፣ ሌላዋ ሩዝ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ትሸሻለች።

«እናንተ አሽከናዞች» ትላለች ላቲፌ፣ «እግዜር ሩዝን የፈጠረው ለማን ይመስላችኋል?»

«ለእናንተ» ትላለች ጊትል፣ «ቅጣት ነዋ።»

በክረምቱ አጋማሽ የሬይና እናት ሱልታና ልባቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረጉ። ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያለው ስልክ በጮኸ ቁጥር ሬይና እጇ ላይ ሊጡ እንደተለጠፈ ትሮጣለች። 

አንድ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሬይና ሰንበትን ባት ያም ከአጎቷ ዘንድ ልታሳልፍ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ነበር፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊሄድ ነው። ስልኩን አንሥታ ሰማች፣ ሰማች፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። ጊትል ማቴ የሚሉትን የአገሯን የቅጠል ሻይ የምትጠጣበትን ቅል ይዛ ከክፍሏ ወጣች። እኔ ደረጃውን እየጠረግሁ ነበር።

ሬይና ስልኩን ዘጋችና ቦርሳዋን ነጥቃ በአጠገቤ ወረደች። ፊቷ በሙሉ እንባ ነው። «ወንድሜ ሴት ልጅ ወለደ!» አለች። «ሱልታና አሏት! በእናቴ ስም ሱልታና አሏት!» አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና መንገዱን ሮጣ ወጣች። እንባዋ ጉንጬ ላይ ቀርቶ ነበር።

ቀና ስል ጊትል ከደረጃው ጫፍ ቆማለች። ማቴው ከቅሉ እየፈሰሰ ነው።

«አክስት አዝመራ፣ እናቷ ሞተዋል።»

«ኧረ ወዲያ! ማን ነገረሽ?»

«ስማቸውን ለሕፃኗ ሰጧት እኮ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ለልጅ አይወጣም። ስታለቅስ አላየሻትም?»

ይህን ያለችው ፀሐይ በምዕራብ ትገባለች እንደሚል ሰው ነው። የተማረችው እሷ ናት፤ እኔ ሰሚ ነኝ። እንባውንም በጉንጬ ተቀብያለሁ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ይህች ቃል ከአፌ ከወጣች በኋላ እኔም አመንኩ።

«ሬይና የምትደርሰው ሰንበት ሊገባ ሲል ነው» አለች ጊትል። «ከአጎቷ ቤት ደርሳ ለማብራት ጊዜ የላትም። እናቷ የመጀመሪያውን ምሽት ያለ ብርሃን ሊያድሩ ነው።»

የነፍስ ሻማ የሚቀመጥበትን መሳቢያ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በብርጭቆ ውስጥ ያለውን፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚነደውን፣ አንዱን አውጥቼ ሰጠኋት። ክብሪቱንም እኔ ነኝ ያቀበልኳት። አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የሰንበቱን መብራት ከማብራታችን በፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው መደርደሪያ አኖረችውና «ሱልታና» ብላ ለኮሰችው። ከዚያ ሰንበት ገባ። ሰንበት ከገባ እሳት የበራው እንደበራ፣ የጠፋውም እንደጠፋ ይቆያል፤ ስልክም አይነካም።

ላቲፌ ከጸሎት የተመለሰችው እራት ሲቀርብ ነው። ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ ለማን ነው? የማን ተዝካር ነው ዛሬ?»

ጊትል ነገረቻት። ላቲፌ እየሰማች ቁልፎቿን አንድ በአንድ ፈታች፤ ሲያልቅ «መሞታቸውን ማን ነገረሽ?» አለች።

«በስማቸው ጠሯት አልኩሽ እኮ!»

«አንቺ! እኔ ማን ነኝ?»

«ላቲፌ።»

«አያቴስ ማን ናት?»

ጊትል ወደ ሻማው ዞር አለች።

«ላቲፌ ናት! ባለፈው ሳምንት በስልክ ‹ቀሚስሽን አስረዝሚ› እያለች የጮኸችብኝ ማን መሰለችሽ? መንፈስ ናት? እኛ እኮ ለአያት ክብር ነው በቁማቸው ስማቸውን የምናወጣው። ላለወጣላት ነው የሚከፋት! እነ ሬይናም እንደኛው ናቸው። የወንድ ልጅ የመጀመሪያ ሴት ልጅ በአባቷ እናት ስም ነው የምትጠራው። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ፤ ሬይናም ያለቀሰችው ደስ ብሏት ነው።»

«ታዲያ እኔ...» አለች ጊትል።

«አንቺማ በቁማቸው ሻማ አበራሽባቸው» አለች ላቲፌ። ልትስቅ ነበር፤ የጊትልን ፊት ስታይ ሳቋ ጠፋ።

ሱልታና መሞታቸውን የነገረን ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ በሕይወት መኖራቸውንም የነገረን አልነበረም። ሦስት ሳምንት የሆነው የልብ ቁስል ነው። ወደ ኢዝሚር ደውሎ ለመጠየቅ ነገ ማታ እስኪመሽ መቆየት ነበረብን። በላን ማለት አይቻልም። ከዚያ መብራቶቹን የሚቆጣጠረው የሰንበት ሰዓት ቀጭ አለና ቤቱ ጨለመ። የቀረው ብርሃን ያ ብቻ ነበር። ወደ መኝታችን የሄድነው በእሱ ነው። በአጠገቡ ስናልፍ ጥላችን ከእኛ ቀድሞ በሮቹ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ላቲፌ ተኝታ ነበር። ነፋስ ተነሥቶ የኮሪደሩ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ ያ መስኮት ድሮም በደንብ አይገጥምም። ከዓርብ ጀምሮ ማሞቂያው ላይ የዋለውን ባቄላና ድንች በሰሃን ይዤ ስወጣ ጊትል መሬት ላይ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታለች። ሻማው ከራሷ በላይ ይነዳል።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ ልጄ?»

«እየጠበቅሁት ነው።»

ሰሃኑን አስቀምጬ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሊናገር ሲል መጠየቅ አያስፈልግም፤ መቀመጥ ይበቃል።

«ለነፍስ ሲሉ ሰንበት ይሻራል አይደል?» አለች ቆይታ። «ማለዳ መስኮቱን ልከፍትለት እጀታውን ይዤ ነበር። ነፋሱ ያጠፋዋል፣ እኔ አላጠፋሁትም እላለሁ ብዬ። ከዚያ ደግሞ ነበልባሉ የሰው ነፍስ ነው ሲሉ ትዝ አለኝ። በስማቸው ነው የለኮስኩት። ቢጠፋስ? በሕይወት ካሉ ያበራሁት በደል ነው፤ አሁን ካጠፋሁት ደግሞ ይብሳል። ድምፃቸውን እስክሰማ መጥፋት የለበትም።»

«ሻማ ሰው አይገድልም።»

«ስምስ?» አለች።

ሰሃኑን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁላት። አልነካችውም።

«አያቴ ጊትል የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። እሱ ቀድሞ ወደ ሮዛሪዮ ተሻገረ፤ ሠርቶ የመርከብ ቲኬት ሊልክላት። ጦርነቱ ቀደመው። እናታቸው ወደ ዘመድ መንደር ልካት እንደነበር ሰማ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያያት ሰው የለም። አያቴ ለእናቱ ያበራል፣ ለአባቱ ያበራል፣ ለወንድሞቹ ያበራል። ለእሷ አያበራም። ‹ለጊትልስ?› ሲሉት ‹ሞተች ያለው ማነው?› ይላል። እኔ ስወለድ አባቴ ሳያማክረው ጊትል አለኝ። የሞቱትን የምናስታውሰው እንዲህ ነውና ደስ ይለዋል ብሎ። ምኩራብ ውስጥ ስሜ ሲነበብ አያቴ በሰው መካከል ብድግ አለ። ‹ገደላችኋት!› አለ።»

ነፋሱ መስኮቱን መታው። ጊትል ብርድ ልብሱን ከፍ አድርጋ ነበልባሉን ጋረደችለት።

«የእኛ ሰው በሕይወት ላለ ስም አያወጣማ። እኔ ጊትል ከተባልኩ እሷ ሞታለች ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ትጠበቅ ነበር። አያቴ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ ኖሯል፤ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ብርቱካን ይልጥልኛል፣ ጸጉሬን ያበጥርልኛል፤ ‹አንቺ ትንሿ› ነው የሚለኝ። እናቴ ከጓሮ ‹ጊትል!› ብላ ስትጣራ ግን ቀና ብሎ መጀመሪያ በሩን ያያል። ከዚያ ነው እኔን የሚያየኝ። እንዴት እንደሚያየኝ...» አቋረጠች። «በሩን ማየት ከእሱ የወረስኩት ነው። የመጣች እንደሆነ ብዬ። ብትመጣ ምን እላታለሁ? ‹በስምሽ የተጠራሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ›?»

እኔም እንጉዳይ የምትባል እህት ነበረችኝ። ወደዚህ አገር ልንመጣ በእግር ወደ ሱዳን ስንወርድ፣ መንገድ ላይ፣ አንድ ማለዳ ውኃ ልቀዳ ብላ ጀሪካን ይዛ ከሰዉ መካከል ወጣች። እስከ ማታ ጠበቅናት፤ መንገድ መሪው ከዚያ በላይ አልጠበቀም። መቃብር የላትም፣ ቀን የላትም። ይህን ለጊትል ነገርኳት፤ ለማንም ደጋግሜ የማወራው ነገር አይደለም።

«ስሟን ለልጅሽ አላወጣሽም?»

«ላወጣ ብዬ ፈራሁ።»

«ምን ፈራሽ?»

«አላውቅም ልጄ። እንዳንቺ የሚከለክለኝ ልማድ እንኳ አልነበረኝም። አፌ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው።»

ላቲፌ በዚህ መካከል ከክፍሏ ወጣች፤ እንቅልፍ ጸጉሯን አቁሞታል። አየችን። ሁለት ሴቶች ወለል ላይ፣ የቀዘቀዘ ሰሃን፣ ሻማ። የሰማችውን ሰምታ ነበር መሰለኝ ምንም አልጠየቀችም። ትራሷን አምጥታ በጊትል ሌላኛው ጎን፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል ተቀመጠች።

«ጅል ነሽ» አለቻት። «ወዲያ ተጠጊ።»

እንዲሁ ተቀምጠን መሸ። አሥር ሰዓት አለፈ፤ የሻማው ዕድሜ አበቃ ማለት ነው፤ አልጠፋም። ሰሙ አልቆ ክሩ ብርጭቆው ታች ዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ላቲፌ እየተነሣች በመስኮቱ ሰማዩን ታያለች። «አንድ» አለች። ከዚያ ብዙ ቆይታ «ሁለት» አለች። ሦስተኛውን ኮከብ ደመና ያዘው። እንዲህ ያለ ረጅም ሰንበት ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ሰንበት እንዲወጣ ለመንኩ።

ሦስተኛው ታየ። ላቲፌ የሰንበት መሸኛውን ጸሎት በወይን ጠጁ ላይ በጥድፊያ አደረሰች፤ ከዚያ ሦስታችንም ስልኩ ጋ ሄድን። የኢዝሚሩ ቁጥር በሬይና እጅ ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተጽፏል።

«አንቺ ደውዪ» አለች ጊትል።

ላቲፌ ደወለች። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ደወለች፤ አሁንም የሚያነሣ የለም። ጊትል ወደ መደርደሪያው ዞረች፤ ሻማው እንዳለ ነው።

በሦስተኛው ተነሣ። ላቲፌ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችውና ድምፁ ለሁላችንም ወጣ። የሴት ድምፅ ነው፣ ከሩቅ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው። እነሱ በስፓኒሽ ሲነጋገሩ ላቲፌ በመሀሉ በሹክሹክታ ትነግረኛለች።

«ሱልታና ነዎት?» አለች ላቲፌ።

«የትኛዋን ሱልታና ፈለግሽ? ትንሿ ተኝታለች፤ ትልቋ ነኝ። ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ፣ ስልኩ ደግሞ ለዚህ ልቤ ሩቅ ነው።»

ጊትል ስልኩን ተቀበለች። መጀመሪያ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሬይናን፣ ሻማውን፣ አሽከናዞችን፣ ምኩራቡን፣ አያቷን፤ አንዱ ካንዱ ተደበላልቆ። ስትጨርስ መስመሩ ዝም አለ። የሞቱ መሰለኝ፤ አሁን፣ እዚያው ስልኩ ላይ።

«ስንት ሰዓት ነደደ?» አሉ ሱልታና።

«ሃያ አምስት። አሁንም አልጠፋም።»

«እንግዲያው የእኔ አይደለም። የእኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ስልክ ማን ያነሣልሽ ነበር?» ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ መጣ። «ስሚ ልጄ። በእኛ ቤት ሱልታና ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሦስት ራስ ነው የሚዞር። በዚህ የሞተብን የለም። ስም ብቻውን ይበርደዋል፤ ለሁለት የምናለብሰው ለዚያ ነው።»

«አያቴ ግን ገደላችኋት ብሏል።»

«አያትሽ አዝኗል። ያዘነ ሰው የቀረበውን ነው የሚመታ። የዚያች ልጅ ነገር ክፉ ሆኖ ከሆነ ያን ክፉ ያደረጉት ይታወቃሉ። ያደረገችው አራስ ልጅ አይደለችም።»

ጊትል ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ሻማውንስ ምን ላድርገው?»

«እሱን አላውቅም፤ የእናንተን ልማድ እኔን አትጠይቂኝ። ተሳስተሽ ያበራሽው ነው፤ ለማን እንደሚሆን አንቺ ዕወቂ። እኔን የሚያደክመኝ ወሬ አይደለም፣ ወንበሩ ነው። ለሬይና እንዳትነግሪያት፤ ትጮህብሻለች።» ስልኩ ተዘጋ።

ላቲፌ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ስትገልጠው ዓይኗ ርሶ ነበር። ጊትል አልሳቀችም። ወደ መደርደሪያው ሄዳ ብርጭቆውን በቀሚሷ ጫፍ ያዘችው፤ ከነሙቀቱ። የምታጠፋው መሰለኝ። እያዘገመች ወደ ኮሪደሩ መስኮት ወሰደችውና መንገዱን በሚያሳየው በኩል መከታው ላይ አኖረችው።

«የነፍስ ሻማ መስኮት ላይ አይደረግም» አለች ላቲፌ። «ለሞተ ነው እኮ።»

«ለሞተ አላልኩም» አለች ጊትል። «ሞተች ያለው ማነው?» ቆየት ብላ ደግሞ «በሕይወት ካለች ሰማንያ ዓመቷ ነው» አለች። «ከሌለችም መንገዱ ጨለማ ነው።»

ላቲፌ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና ካፖርቷን አንሥታ መስኮቱ ስር ያለው ክፍተት ውስጥ ወሸቀችው።

እኔ ወደ ማእድ ቤት ወረድኩ። ውኃ አፈላሁ። የጊትልን የማቴ ቅል ከትናንት እንደቀረ አገኘሁት፤ አጥቤ ቅጠሉን ጨመርኩበት። በመስኮቱ ወደ መንገዱ ስመለከት ከላይ የወረደች ትንሽ ብርሃን ድንጋዩ ላይ ተኝታለች፤ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ሰው ባይኖርም ብርሃኗ አንዴ ተቋርጣ ተመለሰች። ነፋስ ነው አልኩ።

ከደረጃው ስር ቆሜ ተጣራሁ። «ጊትል!»

«አቤት፣ አክስት አዝመራ!» አለች ወዲያው። ከደረጃው ጫፍ ብቅ ብላ ቁልቁል በቀጥታ እኔን አየችኝ፤ ሌላ ወገን አላየችም።

በሩን ያየሁት እኔ ነኝ።